ስድስተኛው ዕቃ፦ የጌም ምርምር ክበባችን በ2017 ዓ.ም

ክበባችን የተጀመረው በጭቅጭቅ ነው። ጥቅምት ላይ፣ የ9ኛ ክፍል የአይሲቲ ክፍለ ጊዜ አልቆ ደብተሬን ስሰበስብ ሁለት ልጆች በሩ ላይ ቆመው ይከራከራሉ። አንዱ «ከመኪናው ስር ሚው አለ» ይላል። ሌላዋ «ማን አየው? አንተ አይተኸዋል?» ትለዋለች። ስለ ፖኬሞን ነበር የሚያወሩት፣ ፖኬሞን የሚባሉ ፍጥረታትን እየያዝክ ስለምታጋጥምበት ጌም፤ ያውም እነሱ ሳይወለዱ በፈረንጆቹ 1996 ጃፓን ውስጥ ስለወጣው የመጀመሪያው ጌም። እኔም በልጅነቴ ይህንኑ ወሬ ሰምቼ አምኜ ነበርና ቦርሳዬን አስቀምጬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በሳምንቱ ቅዳሜ አሥራ አንድ ልጆች መጡ። ክበቡ በቃ እንዲህ ነው የተመሠረተው።

መሣሪያችን አንድ ነበር። የአንዱ ልጅ አጎት ከጅዳ ሲመለሱ ያመጡለት ግራጫ ጌም ቦይ የሚባል በእጅ የሚያዝ መጫወቻ፣ ከነፖኬሞን ሬድ ካሴቱ። ይህ ጌም ቦይ አራት የባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ስክሪኑ ደግሞ ከውስጥ መብራት የለውም። ደሴን የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ከጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ሲወርድ ክፍሉ ይጨልማል፣ ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፣ መብራት ከጠፋማ አለቀ። ስለዚህ ብዙውን ስብሰባችንን ያደረግነው ውጭ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ፣ ፀሐይ እየተከተልን ነው። አንዱ ይጫወታል፣ አንዷ ትጽፋለች፣ ሌላው ከትከሻ በላይ ያያል። የሮመዳን ሰሞን ደግሞ ጠዋት ላይ አደረግነው፣ የሚጾሙት ልጆች እንዳይደክሙ።

አንድ ሕግ አወጣን፤ ያወጣችው ያቺው «ማን አየው?» ያለችው ልጅ ናት። የሰማነውን ሳንሞክር ደብተር ላይ አንጽፍም።

በመኪናው ጀመርን። ወሬው እንዲህ ነው፦ ቨርሚሊየን ከተማ ወደብ ላይ አንዲት መኪና ቆማለች፣ ከሥሯ ሚው የሚባለው ብርቅ ፖኬሞን ተደብቋል፣ ስትሬንግዝ በሚባለው ጉልበት ገፍተህ ታወጣዋለህ። መኪናዋ እውነት አለች፤ በጌሙ ውስጥ ሌላ ቦታ እንደሷ ያለ መኪና የለም፣ ወሬውን ያስነሳውም ይኸው ነው። ችግሩ እዚያ ለመድረስ ውኃ መሻገር ያስፈልጋል፣ ውኃ የምትሻገርበትን ሰርፍን የምታገኘው ደግሞ ብዙ ቆይተህ ነው፣ በመሃል መርከቧ ሄዳ ወደቡ ይዘጋል። ልጆቹ ዘዴውን ራሳቸው አገኙት። መርከቧ ላይ ካት የሚባለውን ችሎታ ከተቀበልክ በኋላ በእግርህ ካልወጣህ፣ ማለትም እዚያው ተሸንፈህ ወደ ሕክምናው ቦታ ከተመለስክ፣ መርከቧ አትሄድም። ሆን ብለው ተሸነፉ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተጫወቱ፣ ሰርፉንም ስትሬንግዙንም ይዘው ተመለሱ። መኪናዋን ገፏት። ንቅንቅ አላለችም። ከሥሯ ምንም የለም።

ደረጃው ላይ ዝም ተባለ። እኔ ግን ደስ አለኝ፣ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ወሬውን ያመጣው ልጅ ራሱ እስክሪብቶ ተቀብሎ «ሞከርን፣ የለም» ብሎ ጻፈ።

ሚው ግን ጌሙ ውስጥ በእርግጥ አለ፣ ታሪኩም ከወሬው ይበልጣል። ጌሙ ተሠርቶ ሊያልቅ ሲል ለመሞከሪያ ያስገቧቸውን ነገሮች አወጡ፣ ካሴቱ ላይ 300 ባይት ያህል ቦታ ተረፈ (አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ይይዛል)፣ ሺጌኪ ሞሪሞቶ የተባለው ፕሮግራመር ያቺን ቦታ አይቶ ሚውን አስገባው። 300 ባይት እኮ ከዚህ አንቀጽ ያነሰ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ግን ሚሲንግኖ ነበር። ጌሙን የማታውቁ ወላጆችም እንድትከተሉኝ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ያን ቀን ሰሌዳ ላይ ያየነውን ያህል ስለ ኮምፒውተር አሠራር ያስተማርኩበት ቀን አላስታውስም።

ቪሪዲያን በምትባል ከተማ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ፖኬሞን እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩሃል። እሳቸው በሚያሳዩበት ጊዜ ስክሪኑ ላይ የአንተ ስም ሳይሆን የሳቸው መጻፍ አለበት፤ ስለዚህ ጌሙ ስምህን ለጊዜው አንስቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። የት? ሣር ውስጥ የሚገኙ ፖኬሞኖች ዝርዝር በሚቀመጥበት የሚሞሪ ክፍል። ከተማው ውስጥ የሚያዝ ፖኬሞን ስለሌለ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ወደ ሌላ አካባቢ ስትገባ አዲስ ዝርዝር ይመጣና ስምህን ይሸፍነዋል።

አሁን ሽማግሌውን አይተህ በቀጥታ ወደ ሲናባር ደሴት ብትበርስ? ሲናባር የራሷ ዝርዝር የላትም። ስምህ እዚያው እንዳለ ይቀራል። በደሴቲቱ ምሥራቅ ዳር ያለችው ቀጭን የውኃ ጠርዝ ደግሞ አሠራሯ ላይ ስህተት አለ፤ ውኃ ላይ ሆነህ ጌሙ የሚያነበው የሣሩን ዝርዝር ነው። ማለትም ስምህን። ፊደሎችህን እንደ ቁጥር ያነባቸዋል። ሁለተኛው ፊደል ሌቭል ይሆናል፣ ሦስተኛው የፖኬሞኑ ዓይነት፣ አራተኛው እንደገና ሌቭል፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል።

አንዱ የ10ኛ ክፍል ልጅ ይህን ሲሰማ «ቲቸር፣ ይሄማ ስም ቆጥሮ ኮከብ እንደሚያወጣ ደብተራ ነው!» አለ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔ ራሴ አልነበረኝም። ጌሙ ውስጥ ኤ የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ቁጥሯ 128 ነው። የጌሙ ትልቁ ሌቭል 100 ሆኖ ሳለ እዚያች ጠርዝ ላይ ከ100 በላይ የሆነ ፖኬሞን የሚገጥምህ ለዚህ ነው።

ፖኬሞኖቹ 151 ናቸው፣ የተዘጋጀላቸው የቁጥር ቦታ ግን 190 ነው። 39ኙ ባዶ ናቸው። ከስምህ የወጣው ቁጥር ባዶ ቦታ ላይ ሲያርፍ የሚመጣው ሚሲንግኖ ነው፤ ስሙም «ቁጥሩ የጠፋ» እንደማለት ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይዋ ጥርት ብላ፣ ልጆቹ ጠርዟ ላይ ወጣ ገባ ሲሉ ስክሪኑ ላይ የተዘበራረቀ ቁራጭ ክምር ቆመ። የጮኹት ጩኸት ዳይሬክተሩን ከቢሮ አስወጣቸው።

ከዚያ ቦርሳውን ከፈትን። ስድስተኛው ዕቃ ሬር ካንዲ የሚባለው ከረሜላ ነበር፣ አንድ ፍሬ። አሁን 129 ሆኗል።

ለምን? ይህን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ጌሙ ያየኸውን ፖኬሞን ሁሉ በዝርዝር ላይ ምልክት ያደርግበታል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 ብቻ የምትይዝ ቦታ፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። የሚሲንግኖ ተራ ቁጥር ዜሮ ነው። ጌሙ መቁጠር ሲጀምር አንድ ይቀንሳል፤ ከዜሮ ላይ አንድ ሲቀነስ በአንድ ባይት ውስጥ ወደ ታች አይወርድም፣ ዞሮ 255 ይሆናል። ምልክቱ ከዝርዝሩ አልፎ ሄዶ ቦርሳህ ላይ ያርፋል፣ የስድስተኛው ዕቃ ብዛት በተጻፈበት ባይት የመጨረሻዋ ቢት ላይ። የዚያች ቢት ዋጋ 128 ነው። ስለዚህ ዕቃው «ይባዛል» የሚሉት ልክ አይደለም፤ 128 ይደመራል፣ ቀድሞ 128 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ምንም አይለወጥም። ሁለቱንም ሞክረን ጽፈናል። ፖኬሞኑን መያዝም አያስፈልግም፣ ማየት ይበቃል። የሚያስከፍለው ነገር አለ፤ ጌሙ ውስጥ ያለው የአሸናፊዎች መዝገባችን ተበላሽቶ ቀረ።

በመሃል አንድ አባት መጡ። «መምህር፣ እኔ ልጄን የላክሁት ለትምህርት ነው እንጂ ለጌም አይደለም» አሉኝ፣ ትክክል ናቸው፣ እኔም አባት ነኝ። «ጋሼ፣ ይቀመጡና ደብተሩን ይዩት» አልኳቸው። ልጃቸው ከዜሮ ወደ 255 መዞርን በገዛ እጇ በሁለትዮሽ ቁጥር የሠራችበትን ገጽ አገላብጠው አዩ፣ ሁለት ጥያቄ ጠየቁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አራት ድንጋይ ላኩልን።

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሥራ ቆጠራ ነበር። በዚህ ጌም 100 በመቶ አይስትም የሚባል ምት ከ256 አንዴ ይስታል። ማሽኑ ከ0 እስከ 255 አንድ ቁጥር ያወጣል፣ ቁጥሩ ከ255 ካነሰ ምቱ ያገኛል፤ 255 ራሱ ሲወጣ ግን አላነሰም። አንድ «ያነሰ» እና «ያነሰ ወይም እኩል» ማለት ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ልጆቹ ቻርማንደር በሚባለው ፖኬሞን፣ ስክራች በሚባለው ምቱ መቁጠር ጀመሩ፤ አንድ ቀን ሳተ፣ ጭብጨባ ሆነ፣ ያቺው ልጅ እጇን አወጣች። «ተጋጣሚው ፖኬሞን ፒጂ ነው። ፒጂ አሸዋ ይበትናል፣ አሸዋ ደግሞ ያስታል። ይህ አይቆጠርም።» ዝም ተባለ፣ እውነቷን ነው። ሰረዝነው። ከዚያ በኋላ የቆጠርነው አሸዋ በማይበትነው ራታታ ላይ ብቻ ነው፣ ስክራችም 35 ጊዜ ሲያልቅ ወደ ሕክምናው ተመልሶ እንደገና። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ራታታ ላይ፣ ሳተ።

ግንቦት ላይ ሐዘን ገጠመን። ጌሙን ስንከፍት ሴቭ ያደረግነው ሁሉ የለም። ካሴቱ ውስጥ የሰዓት ባትሪ የምታክል ክብ ባትሪ አለች፣ ሴቩን ይዛ የምታቆየው እሷ ናት፣ ከስንት ዓመት በኋላ ሞተች። ፒያሳ ያለ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ በብየዳ ቀየረልን፣ ገንዘብም አልተቀበለንም። ደብተራችን ባይኖር የዓመቱ ሥራ አብሮ ይሄድ ነበር።

ከዚያች ባትሪ የተነሳ ወደ ሌላ ጌም ገባን፣ በፈረንጆቹ 2002 ወደወጡት ፖኬሞን ሩቢና ሳፋየር። እነሱ ውስጥ ባትሪዋ የምታንቀሳቅሰው ሰዓት ነው፣ በሰዓቱ ደግሞ ቤሪ የሚባሉ ፍሬዎች ይበቅላሉ። ዓመት ካለፈ በኋላ ፍሬዎቹ መብቀል አቆሙ። ሰዓቱ የሚነሳው በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ነው። ወደ 2001 ሲገባ ያለፉትን ዓመታት ቀናት ይደምራል፣ ግን ዜሮ ብሎ የሚጠራውን 2000ን ሳይደምር ያልፈዋል። 366 ቀን ጠፋ። ጌሙ ወደ መጀመሪያው ቀን የተመለሰ መሰለው። ለምን 365 አልሆነም ብለው ሲጠይቁኝ በእኛ አቆጣጠር በ2015 ጳጉሜን 6 እንደነበረች አስታወስኳቸውና ወዲያው ገባቸው። ኋላ ላይ የወጡት የፖኬሞን ጌሞች፣ ፋየርሬድ፣ ሊፍግሪንና ኤመራልድ በገመድ ተያይዘው ያስተካክሉታል።

በሚኒ ሚዲያ ሰኞ ሰኞ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» የሚል ሁለት ደቂቃ ነበረን። ብዙ የተወራለት ስፒንዳ የሚባለው ፖኬሞን ነው፤ የፊቱ ነጠብጣብ አቀማመጥ ከ4 ቢሊዮን በላይ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሌላው ፎከስ ኤነርጂ የሚባለው ችሎታ ነው፣ በመጀመሪያው ጌም ከባድ ምት የመምታት ዕድልህን አራት እጥፍ ሊያደርግ ታስቦ ወደ ሩብ የሚያወርድ። በዕረፍት ሰዓት ልጆች «ፎከስ ኤነርጂ አደረግከኝ» ሲባባሉ ሰምቻለሁ፣ ሊረዳው መጥቶ ሥራውን ላበላሸበት ጓደኛ።

ደብተሩ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፣ ማንም ተውሶ ማንበብ ይችላል። መስከረም ላይ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት፣ እዚያው ደረጃው ላይ እንገናኛለን። ሲናባር ላይ በራሱ ስም መሞከር የሚፈልግ ከሰባት ፊደል ሳይበልጥ በእንግሊዝኛ ጽፎ ይምጣ፣ ድንጋይም ካለው ይያዝ።