እማዬ፣ እድርሽን ጥለሽ አትሂጂ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የላክሁልሽን የሱፍ ካልሲ አድርጊው እንጂ ለዓመት በዓል ብለሽ አታስቀምጪው፤ የደሴ ብርድ ቀጠሮ አያውቅም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ በኅዳር ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ሲሆን ይጨልማል። መብራት አብርቼ ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው እሑድ በስልክ አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። "ልጄ፣ ለመሆኑ እዚያ አገር ሰው አለ?" አልሽኝ። እኔም "አለ፣ አለ" ብዬ ወደ ሌላ ወሬ አለፍኩ። ሥራ ረፍዶብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄሽ ከልቤ አልወጣም። ደግሞ የምለምንሽ ነገር አለኝ። በስልክ ከጀመርኩት ማልቀሴ አይቀርም፤ ስለዚህ በወረቀት ይሻላል አልኩ። የጎረቤታችን ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ያለሁባት ከተማ ፍሩም ትባላለች። አጻጻፏን ያየ ፍሮም ይላታል፤ የአገሩ ሰው ግን ፍሩም ነው የሚላት። የመጣሁ ሰሞን የአውቶቡስ ሹፌር ነው ያረመኝ። ሰመርሴት በሚባለው አውራጃ ውስጥ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ሕዝቧ 28 ሺህ አካባቢ ነው። ገበያዋ ረቡዕና ቅዳሜ ይውላል። እንደኛ ሰኞ ገበያ በግና ፍየል ግን አታይበትም፤ የከብቱ ገበያ ከከተማ ከወጣ ቆይቷል። ቺፕ ስትሪት የምትባል ጠባብ መንገድ አለች፤ መሃል ለመሃል ትንሽ የውሃ ቦይ ይወርድባታል፣ ልጆች ይዘሉታል። ካትሪን ሂል የሚሉት ዳገት ደግሞ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ለዓይን ያምራል። ግን አዛውንቶች ባለ ጎማ መደገፊያቸውን እየገፉ ሲወጡት ሳይ ያንቺ ጉልበት ትዝ ይለኛል።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ኬር ወርከር ይሉናል። ስለ አንዲት እናት ልንገርሽ። ስማቸውን አልጽፍም። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከበራቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ የሲጋራ ፓኮ የምታክል የብረት ሳጥን አለች። አራት ቁጥር ስትነኪ ትከፈታለች፤ ቁልፉ ውስጧ ነው። በቀን አራት ጊዜ በዚያ ቁልፍ ሰው ይገባል። ጠዋት፣ ምሳ ሰዓት፣ አመሻሽ ላይና ማታ። አራታችንም ግን በደመወዝ የምንመጣ ነን። ስገባ በስልኬ እመዘግባለሁ፣ ስወጣም እመዘግባለሁ። ግማሽ ሰዓት ነው የሚሰጠኝ። በዚያች ግማሽ ሰዓት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ።

አንድ ቀን ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ ቀርቧል። ሁለት ማንኪያ፣ ብስኩትም በሰሃን። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እንዴት እንዳቀረቡት አላውቅም። "እንግዳ አለብዎት?" አልኳቸው። "አንቺን ነዋ" አሉኝ። ስልኬን አየሁ። ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶኛል፣ ጫማቸውን ገና አላደረግሁላቸውም። ያን ሻይ ቆሜ ጠጣሁት እማዬ። "ቆሞ የሚጠጣ ጅብ ነው" እያልሽ ያሳደግሽኝ ልጅ፣ ቆሜ ጠጥቼ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለረጅም ጊዜ አለቀስኩ።

አንገታቸው ላይ ቀይ ቁልፍ ያለው ገመድ ተንጠልጥሏል። ሲወድቁ ይጫኑታል፤ ከሩቅ ቦታ የማያውቁት ሰው በድምፅ ያናግራቸዋል። ጥሩ ነገር ነው፣ ስንቱን ሰው አትርፏል። አንቺ ግን ባለፈው ሁዳዴ ደጃፍ ላይ አዳልጦሽ ስትወድቂ ምንም አልተጫንሽም። ማጀት የነበረችው ጎረቤታችን የጀበናውን መሰበር ሰምታ ነው ሮጣ የመጣችው።

እንግዲህ "ሰው አለ ወይ" ላልሽኝ እውነቱን ልንገርሽ። ሰው ነበር። ከዚያ ተበተነ። ልጅ ለሥራ ለንደን ይሄዳል፣ ጎረቤት ይሞታል ወይ ይቀየራል፣ እግር ይደክማል። ይህን ያዩ የፍሩም ሰዎች ግን ዝም አላሉም። ስለዚህ ነው ይችን ከተማ የምወዳት።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሄለን ኪንግስተን የተባሉ የከተማዋ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ነገር ጀመሩ። ታካሚው ሲመጣ "ምን ያምዎታል?" ብቻ ሳይሆን "ማን አለዎት? ምን ይወዳሉ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚያ ክኒን ብቻ ሳይሆን ሰውም ይታዘዝለታል። ለአንዱ የመዘምራን ቡድን፣ ለሌላው አናጺዎች የሚሰባሰቡበት ቤት፣ ለሌላው የጨዋታ ካፌ። የጨዋታ ካፌ የምልሽ ማንም ሰው ገብቶ ሻይ እየጠጣ የሚያወራበት ነው። በዚያው እርዳታ የሚፈልግ ካለ ለማን ማመልከት እንዳለበት ይነገረዋል። በመቶ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞችም አሠልጥነዋል። የታክሲ ሹፌር፣ ፀጉር ሠሪ፣ ባለ ሱቅ አሉበት። ሰው ሲከፋው ማን ጋ ሊሄድ እንደሚችል ያውቃሉ፣ ይጠቁማሉ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2017 ድረስ ከፍሩም ወደ ሆስፒታል በድንገተኛ የሚገባው ሰው 14 በመቶ ቀነሰ። በዚያው ጊዜ በአውራጃው በጠቅላላ ወደ 29 በመቶ ጨምሮ ነበር። በሐኪሞች መጽሔት ላይ ወጥቷል። እኔም ሳነበው እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ቡና አጣጭ ማግኘት ሰውን ከሆስፒታል ያስቀራል ማለት ነው።

እኚያ ሁለት ኩባያ ያቀረቡት እናትም አሁን በሳምንት አንድ ቀን በበጎ ፈቃደኛ መኪና ወደ ካፌው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስደርስ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ከንፈራቸውን ቀብተው ተቀምጠው ነበር። መኪናው የሚመጣው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መሃል ከተማ ላይ የሁሉም የሆነ ፍሪጅ ቆሟል። የተረፈው ሰው ያስገባል፣ የቸገረው ይወስዳል። ማንም ስምሽን አይጠይቅም። ጥሬ ሥጋ ግን አይገባበትም። ዕቃ የሚያውስ ሱቅም አለ፤ መሰርሰሪያ፣ ድንኳን፣ ምንጣፍ ማጠቢያ በትንሽ ገንዘብ ወስደሽ ትመልሻለሽ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከየትኛውም ፓርቲ ያልሆኑ የሰፈር ሰዎች ተሰብስበው የከተማዋን ምክር ቤት ያዙ፤ በሚቀጥለው ምርጫ አሥራ ሰባቱንም ወንበር ወሰዱ። ይህን ሁሉ ለባልደረቦቼ ሳደንቅ "በእናንተ አገርስ?" ይሉኛል። እድርን አስረዳኋቸው። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን፣ ሰው ሲሞት የሚነፋውን ጡሩምባ፣ ለቅሶ ያልመጣ ሰው የሚቀጣውን። አንዷ ባልደረባዬ ወረቀት አውጥታ ጻፈችው።

ሁሉ ሞልቷል ማለቴ ግን አይደለም። በከተማው ያለው ሆስፒታል ትንሽ ነው፤ ቀላል ጉዳት ያያል። ከበድ ያለ ነገር ሲመጣ ባዝ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ነው። በዙሪያው ባሉት መንደሮች መኪና የማይነዳ ሰው በጣም ይቸገራል፤ አውቶቡሱ እንደልብ አይገኝም። ባለፈው ዓመት ጥርሴን ሲያመኝ በመንግሥት ዋጋ የሚያክመኝ ፍለጋ ሁለት ሳምንት ስልክ ስደውል ሰነበትኩ። ሁሉም "አዲስ ታካሚ አንቀበልም" ነው መልሳቸው። በመጨረሻ በግል ከፍዬ አስነቀልኩት። ያኔ የላክሁልሽ ገንዘብ ያነሰው ለዚህ ነበር፤ እንዳትጨነቂ ብዬ አልነገርኩሽም። የአውራጃው አስተዳደር ደግሞ በ2023 መጨረሻ "የገንዘብ አስቸኳይ ጊዜ ላይ ነኝ" ብሎ አወጀ። ለተከታዩ ዓመት 100 ሚሊዮን ፓውንድ ጎድሎበት ነበር። ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ የእኔው ሥራ ነው፤ ሰው የሌለውን ሰው የመጦር ወጪ። ያች ግማሽ ሰዓት እንኳን ከባድ ዋጋ አላት።

በእረፍቴ ቀን ደግሞ በአውቶቡስ ወደ ባዝ ሄጄ ፌርፊልድ ሃውስን አየሁ። ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ እስከ 1940 የኖሩበት ቤት ነው። አንቺ የ66ቱን ረሃብ በዓይንሽ ያየሽ ነሽና ስለ ጃንሆይ ማውራት እንደማትወጂ አውቃለሁ። ይህን ግን ስሚኝ። እ.ኤ.አ. በ1958 ቤቱን ለባዝ ከተማ ሰጡት፤ አረጋውያን ይጠቀሙበት ብለው። ዛሬም ከልዩ ልዩ አገር መጥተው እዚያ ያረጁ ሰዎች ይሰባሰቡበታል፣ ምሳ ይበሉበታል። በሩ ላይ ቆሜ የሳቅ ድምፅ ሰማሁ። እኔም ሳላስበው ስላንቺ አሰብኩ።

ልመናዬም ይሄ ነው።

ወንድሜ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው "እናታችን ትምጣና እዚህ ትኑር" ሲል አብሬው የጮኽኩት እኔ ነኝ። አንቺ "እድሬን የት ጥዬ?" ስትይ "እድር እዚያም ሞልቷል" ያልኩሽም እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ እማዬ። የምናገረውን አላወቅኩም ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ወንድሜም ሚስቱም ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። በዚያ ጉልበት በቀን ስንት ጊዜ ትወርጃለሽ? መጀመሪያ ሰሞን በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ ለቅዳሴ ብቻ፣ ከዚያ መስኮት። እኔ መጨረሻውን በየቀኑ እያየሁት ነው። ቁልፍ ከፍቼ እየገባሁበት ነው።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን አርጅቷል፣ እሱን አልክድም። ግን አርባ ዓመት የጠጣሽው ቡና እዚያ ነው። አቦሉን እትዬ ቤት፣ ቶናውን ሐጂ ቤት የምትዪበት ሰፈር ነው። ጠዋት በርሽ ካልተከፈተ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሚንኳኳው እዚያ ብቻ ነው። ወንድሜን አናግሬዋለሁ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ዝም አለ፣ ትናንት ደውሎ "እሺ፣ ቤቱን እናድሰው" አለኝ። እሱም ሊጦርሽ ፈልጎ ነውና አትቀየሚው።

ለኮንዶሚኒየሙ ዕቃ ያጠራቀምነውን ገንዘብ እልክልሻለሁ። እዚህ ሽማግሌዎቹን ቤታቸው የሚያቆዩአቸው ትናንሽ ነገሮች ናቸው፤ እኔም ተምሬአቸዋለሁ። ሽንት ቤቱ ከጓሮ ወደ ውስጥ ይግባ፣ መቀመጫውም ከፍ ያለ ይሁን። ከጎኑ ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረት ይሠራለት፤ በያጁ በስሚንቶ እንጂ በምስማር እንዳያስረው። የደጃፉ ደረጃ ይስተካከል። ከአልጋሽ እስከ በሩ ማታ የሚበራ አምፖል ይኑር። ያቺን ጫፏ የተጠቀለለ ምንጣፍ ደግሞ ዛሬውኑ አንሺያት፤ ሰው የሚጥለው እሷን የመሰለ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅም ትምህርቷን ከአንቺ ዘንድ ሆና ትማር፣ ወጪዋን እኔ እችላለሁ።

ለኅዳር ጽዮን ቡና ስታፈሉ ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጪልኝ። ፈረቃ ቀይሬአለሁ። ተቀምጬ ነው አብሬያችሁ የምጠጣው።

አንድ ነገር ደግሞ። የአባዬ ከዘራ ላንቺ ረጅም ናት፤ ትከሻሽን ወደ ላይ እየገፋችው ነው የሚያምሽ። እንዳታስቆርጪያት፣ ግድግዳው ላይ ትሰቀል። ጫማሽን አድርገሽ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ እጅሽን ወደ ታች ልቀቂው። ጎረቤታችን ከመሬት እስከ እጅ አንጓሽ በሜትር ትለካልሽና ቁጥሩን በስልክ ንገሪኝ። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ በልክሽ እገዛለሁ።

ልጅሽ፣
ከፍሩም