ለራስ ማዞር ምርመራ አንድ ባልዲም ይረዳል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ራስ ማዞር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግፊቱም፣ ደም ማነሱም፣ ስኳሩም ተነስቷል። የውስጠኛው ጆሮ ጉዳይ ግን በአንድ መስመር ታልፏል። እዚህ ጅማም አዞረኝ ያለ ሰው ግፊቱ ይለካና ደህና ከሆነ «እረፍት አድርግ» ተብሎ ሲመለስ አያለሁ። ይሄ ያሳስበኛል።

ቀጥ ማለታችንን የሚነግረን ዓይን ብቻ አይደለም። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮች አሉ። ጭንቅላት ዘንበል ሲል እነሱም ይንሸራተቱና አንጎል መልእክቱ ይደርሰዋል። ዓይን ግን ጉልበተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ዊትኪንና አሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠው፣ በተጋደለ የሚያበራ ፍሬም መሀል ያለውን ዘንግ ቀጥ እንዲያደርጉ ጠየቋቸው። ብዙዎቹ ፍሬሙ ወዳዘመመበት አጋደሉት። የጭንቅላት አያያዝም ያሳስታል። ኦበርት የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1861 እንደገለጸው፣ ጨለማ ውስጥ ጭንቅላቱን በጣም ላጋደለ ሰው ቀጥ ያለ መስመር ወደ ተቃራኒው ጎን ያዘመመ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ባልዲው ልምጣ። ጀርመን አገር ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት፣ የውስጠኛውን ጆሮ ሚዛን መፈተሻ ዘዴ ነው። ብርሃን የማያስገባ ባልዲ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። ከውጭ በኩል የማዕዘን መለኪያ ይለጠፍና ከመሀሉ ቱምቢ ይንጠለጠላል። ታማሚው ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ፊቱን ባልዲው ውስጥ ያስገባል፤ በርና ግድግዳ አይቶ እንዳይረዳው ነው። መርማሪው ባልዲውን አዙሮ ቀስ እያለ ይመልሳል። ታማሚው መስመሩ ቀጥ ሲልለት «በቃ» ይላል። ከዚያ ቱምቢው ያለበት ዲግሪ ይነበባል። ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ነው። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ወይም 3 ዲግሪ በላይ አይስትም። አንዱ ጆሮው በድንገት የታመመበት ሰው ግን ወደታመመው ጎን ብዙ ያጋድላል።

ሁሉንም የማዞር ዓይነት አይለይም። አፍ መንተባተብ ወይም ፊት መጣመም አብሮ ከመጣ ደግሞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ እንጂ ባልዲ መፈለግ አያስፈልግም። ግን ሂርማታ ገበያ ባልዲ ሞልቷል፣ ቱምቢም ግንበኛ ሁሉ እጅ አለ። ጤና ጣቢያዎቻችን ለምን አይሞክሩትም?

እባካችሁ በሚቀጥለው ዕትማችሁ አንድ የአንገት በላይ ሐኪም አነጋግሩልን።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ