ከእማዬ የተደበቀ ፓስታ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጅማ ዝናብ ብቻ አላባራ ብሏል።

እሁድ በስልክ «የባሕር ምግብ ጅማ ከየት ተገኘ?» ሲሉኝ ዝም ያልኩት እማዬ አጠገብዎ ስለነበረች ነው። ሽሪምፕ ነው አባባ። ያ አሰብ ወደብ ላይ በላሁት ያሉኝ፣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ያሉት ባለብዙ እግር። ጎረቤቴ ከአዲስ አበባ ስትመለስ አንድ ኪሎ አመጣችልኝ። በበረዶ ታሽጎ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የደረሰው።

የመጀመሪያውን ግማሽ ኪሎ አበላሸሁት። እንደ ሥጋ ጥብስ መስሎኝ ሩብ ሰዓት እሳት ላይ አቆየሁት። የኤንትሬ ጭነት መኪናዎ ጎማ ይሻል ነበር!

በማግስቱ የቀረውን በቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ በረዶውን አሟሟሁና የጀርባውን ጥቁር ክር አውጥቼ በጨርቅ አደረቅሁት። ዘይት አግዬ አንዱን ጎን አንድ ደቂቃ፣ ሌላውንም እንዲሁ። ሮዝ ሆኖ ጥምዝ ሲል ወዲያው አወጣሁት። በዚያው ዘይት አራት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያና ሁለት ቲማቲም ጨመርኩ። ነጭ ሽንኩርቱ ከጠቆረ ይመርራል፣ ስለዚህ እሳቱን ቀነስኩ።

ትልቁ ነገር የፓስታው ውኃ ነው። እኛ ቤት ሁልጊዜ እንደፋው ነበር። አንድ ጭልፋ አስቀርቼ ስጎው ላይ ሳፈስበት ዘይቱና ቲማቲሙ ተያያዙ፣ ፓስታውም ላይ ልጥፍ አለ። ከዚያ ሽሪምፑን መልሼ ሎሚ ጨመቅሁበት። በርበሬ የለውም። ልጆቹ አይብ ጠየቁ፣ እምቢ አልኩ። ፓስታውን ትንሽ ጠንከር እንዳለ ነው ያወጣሁት። ስትመጡ ግን ለእርስዎ ጥርስ ሁለት ደቂቃ እጨምራለሁ።

ለእማዬ ሌላ ድስት እጥዳለሁ። «ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ኦሪት ከልክሏል» ብላ ከገበታ እንደምትነሳ ያውቃሉ። ለእሷ የግልገል ጊቤ ግድብ ቆሮሶ ዓሣ አለ። ግድቡ የተመረቀው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ እርስዎ ቡና ሊጭኑ ሲመላለሱ ያ ሁሉ ውኃ አልነበረም። ፊሌቶው ቶሎ ስለሚፈርስ አይማሰልም፣ ከላይ ጣል ይደረጋል እንጂ።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ ኑ። ከኮምቦልቻ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አድራችሁ ትመጣላችሁ። ሽሪምፑን እንድታመጣልኝ ጎረቤቴን ከአሁኑ አዝዣለሁ።

መነጽርዎ ተሰብሯል አሉኝ። እንግዲያው ይህን ታናሽ ወንድሜ ያንብብልዎት። እማዬ ድንገት ከገባች ስለ ቆሮሶው ያለውን ብቻ ጮክ ብሎ ያንብብ።

ልጅዎ
ከጅማ