ባዶ የተውሽው ፊት

ሚጡዬ፣

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። አንቺ ተኝተሻል፣ ሻንጣሽ በሩ ስር ቆሟል፣ እኔ የኮስቲዩምሽን ዚፕ ለሦስተኛ ጊዜ ፈትቼ መልሼ ሰፍቼው አሁን ገና ነው ቁጭ ያልኩት። ነገ 18 ዓመት ይሞላሻል፣ በማግስቱ ደሞ ኮንቬንሽኑ ነው፣ የምትወዱትን ካራክተር መስላችሁ ለብሳችሁ የምትሰበሰቡበት፣ ያለ እኔ የምትሄጂበት የመጀመሪያው። ፊት ለፊት ልነግርሽ ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም ወሬው ወደ ጫማና ወደ ቻርጀር ዞረብኝ፣ ስለዚህ እጽፍልሻለሁ፣ መንገድ ላይ አንብቢው፣ ሁሉንም ግን፣ ግማሹ ላይ እንዳታቆሚ።

ትናንት አክስትሽ ደውላ ነበር። ካንቺ ቀለም በጣም የነጣ ፋውንዴሽን ገዝተሽ ግማሽ ፊትሽን ተቀብተሽ "ካንገቴ ጋር ይሄዳል?" ብለሽ ፎቶ ልከሽላታል። አሳበቀችብኝ ብለሽ እንዳትቀየሚያት፣ ምን ብላ እንደምትመልስልሽ ጨንቋት ነው የደወለችልኝ። ፎቶውንም አላሳየችኝም፣ ከፈለግሽ አንቺው ታሳዪኛለሽ።

የምልሽ አንድ ነገር ነው። ያንን ቀለም ፊትሽ ላይ እንዳታደርጊው።

የምትመልሺልኝን አውቃለሁ። ጓደኛሽ ከላይ እስከታች ሰማያዊ ተቀብታ ልትሄድ ነው፣ ሌላኛው አረንጓዴ፣ ታዲያ የኔ በምን ይለያል ትያለሽ። ይለያላ። ሰማያዊ ሰው የለም፣ ሰማያዊ የተቀባች ልጅ ማታ ታጥባ ስትተኛ የገዛ ፊቷ አያስጠላትም። ነጭ ልጆች ጥቁር ካራክተር ለመሆን ፊታቸውን ሲያጠቁሩ እናንተ አድናቂዎቹ ራሳችሁ ትቆጡ የለ፣ ባለፈው ዓመት አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ አድርገሽ ያስረዳሽኝ እኮ ይሄንኑ ነው፣ ቆዳ ኮስቲዩም አይደለም ብለሽ። እና የካራክተሯን ካባ ቀለም አስመስዪ፣ የዊጉን ብር አስመስዪ፣ ሰይፉን አስመስዪ፣ ፊቱን ግን ተዪው፣ ፊቱ ያንቺ ነው።

ከየት እንደመጣብሽም አውቃለሁ። ያላለቀውን ኮስቲዩም ፎቶ የለጠፍሽ ቀን ያ ሁሉ ሰው አድንቆልሽ አንዱ "ልብሱ አሪፍ ነው ግን ካራክተሯ ጥቁር አይደለችም" ብሎ ጻፈ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ስለ ልብሱ ማውራት አቆምሽ። እኔ ኮመንቱን ሳነበው ደሜ ፈላ፣ ምን ብዬ ልመልስለት እያልኩ ስጽፍ ስሰርዝ ቆይቼ መሀል ላይ ክው አልኩ። ምክንያቱም ያንን አባባል አውቀዋለሁ። ከሰውዬው በፊት ያልኩሽ እኔ ነኝ።

ትዝ ይልሻል? ዘጠኝ ዓመት ሊሞላሽ ነበር፣ የዚችኑ ካራክተር ስዕል ይዘሽ መጥተሽ "ለልደቴ እሷን መሆን እፈልጋለሁ" አልሽ፣ እኔ ስፌት መኪናው ላይ ነበርኩ፣ ቀና እንኳን ሳልል "እሷ እኮ አንቺን አትመስልም፣ የምትመስልሽን ምረጪ" አልኩሽ። አላለቀስሽም። ብታለቅሺ ይሻለኝ ነበር። "እሺ" ብለሽ ሄድሽ፣ ለልደትሽም ቢራቢሮ ሆንሽ፣ ክንፉን እኔ ነኝ የሰራሁት፣ ያየ ሁሉ አደነቀው፣ እኔም ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዓመታት በኋላ ክፍልሽን ሳጸዳ የዛን ጊዜ የስዕል ደብተርሽን አገኘሁት። ራስሽን እሷን አድርገሽ ስለሻል። ብሩን ፀጉር፣ ወይን ጠጁን ካባ፣ ሰይፉ ላይ ያለችውን ቀይ ድንጋይ፣ የጫማውን ማሰሪያ ሳይቀር በቀለም ሞልተሽዋል፣ ፊቱን ግን አልነካሽውም፣ ወረቀቱን እንዳለ ነው የተውሽው። ከስሩ ስምሽን ጽፈሻል። "ደብተሬን አይተሻል?" ብለሽ ስትፈልጊው አላየሁም ያልኩሽ ውሸቴን ነው፣ እስከዛሬ ማታ ቁምሳጥኔ ውስጥ ነበር።

ለምን እንደዛ እንዳልኩሽ ማወቅ አለብሽ። አልበሙ ውስጥ ያለችውን የትምህርት ቤት ድራማ ፎቶዬን ታውቂያታለሽ፣ ዘውድ ደፍቼ የቆምኩባትን። "እማ ፊትሽ ለምን ግራጫ ሆነ?" ስትዪኝ ፎቶው ስለቆየ ነው ነበር የምልሽ። ስለቆየ አይደለም። ፓውደር ነው። ንግሥቷን እንድሰራ የተመረጥኩ ቀን አስተማሪው "ትንሽ ፈካ በይ" አለኝ፣ ሌላ ምንም አላለኝም፣ ፈካ በይ ብቻ፣ እኔም የሚለው ገባኝና ከክፍል ጓደኛዬ ፓውደር ተውሼ ፊቴንም አንገቴንም ጆሮዬንም ሞላሁት። መድረኩ ላይ በመብራቱ ሲያልበኝ ላቡ ፊቴ ላይ መስመር መስመር ሰራ፣ ከፊት የተቀመጡት ልጆች ሳቁ። ቃሌን አንድ ወር ሙሉ አጥንቼዋለሁ፣ አንዷንም አልረሳሁም፣ እስከመጨረሻው ተናግሬ ነው የወረድኩት፣ ግን ከዛ በኋላ መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። እና አንቺ ስዕሉን ይዘሽ ስትመጪ እኔ ያየሁት አንቺን አልነበረም፣ ከፊት የተቀመጡትን ልጆች ነው ያየሁት። እንዳይስቁብሽ ብዬ እኔው ቀድሜ ከለከልኩሽ። ይሄንን ለአባትሽም ነግሬው አላውቅም።

ለዚህ ነው ያንን ቀለም እንዳታደርጊው የምልሽ። ያልባል ደሞ፣ አዳራሹ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው፣ ዊጉም ይሞቃል። ሁለት ጠርሙስ ውሃ ያዢ።

ለዛ ሰውዬ መልስ ስፈልግ አመሸሁ፣ ያገኘሁትን ልንገርሽ፣ አንቺ ቀድመሽ ታውቂው ይሆናል፣ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። በ1939 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ሳይንስ ፊክሽን ኮንቬንሽን ሲደረግ 200 የሚሆን ሰው ነው የመጣው፣ ከዛ መሀል ከወደፊቱ ዘመን የመጡ መስለው ለብሰው በመገኘት የሚታወሱት ሁለት ጓደኛሞች ናቸው፣ የሁለቱንም ልብስ የሰራችው ከሁለቱ አንዷ፣ ሜርትል ዳግላስ ናት። እናንተ ኮስፕሌይ የምትሉት፣ ካራክተር መስሎ መልበስ፣ መርፌና ክር ከያዘች ሴት እጅ ነው የመጣው፣ ይሄን ሳነብ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! ደሞ ጥቁሯ ተዋናይት ኒሼል ኒኮልስ አለች፣ በ1966 በጀመረው ስታር ትሬክ በሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የጠፈር መርከቧ መኮንን ሆና የሰራችው፣ ትታ ልትሄድ አስባ ሳለ ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝቷት እንዳትሄጂ እንዳላት ራሷ ስትናገር ኖራለች። ሜይ ጀሚሰን ደሞ ልጅ ሆና ያቺን ሴት በቴሌቪዥን ያየች ናት፣ በ1992 ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ፊቷን ነው ያየችው ሚጡ። ኒኮልስ ያን ጊዜ ፊቷን ቀብታ ሌላ ሰው ብትመስል ኖሮ ያቺ ልጅ ምን ታይ ነበር? በ2015 ፌብሩዋሪ ደሞ ጥቁር ኮስፕሌየሮች 28ቱንም ቀን የራሳቸውን ፎቶ የሚለጥፉበት ዘመቻ ተጀምሯል፣ አንቺ የተባልሽውን እነሱም ስለተባሉ ነው የጀመሩት፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፣ ፊቱን ያነጣ አላየሁም፣ ልብሳቸው ግን ስፌቱ ሲያምር፣ ትከሻ ላይ ፎሙን የሚያያይዙበትን ዘዴ አይቼ ነው ያንቺንም ያስተካከልኩት።

አሁን ስለ መጽሐፍሽ። "አንብቢው ግን አትጨክኚ" ብለሽ የሰጠሽኝን ረቂቅ ሁለቴ አንብቤዋለሁ፣ ከመደርደሪያሽም እንደሱ ያሉ የወጣት ልቦለዶች አንስቼ አነበብኩ፣ ለምን ኮንቬንሽን ላይ ታሪክ መስራት እንደምትወዱ ገባኝ። ያለው ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ወላጅ በአካባቢው የለም፣ ሁሉም ሌላ ሰው ለብሶ ነው የመጣው፣ እና ልጁ ቤቱ ሊናገረው ያልቻለውን እዛ ሰልፍ ላይ ለማያውቀው ሰው ይናገረዋል። ያንቺም ጥሩ ነው፣ እናትሽ ስለሆንኩ አይደለም። ጫጫታ የማትችለው ጓደኛዋ ጸጥ ተብሎ በሚታረፍበት ጸጥታ ክፍሉ ውስጥ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ባጇን ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ስትገለብጥ ጀግናሽ ምንም ሳትናገር አጠገቧ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ አለቀስኩ። ባጆቹን ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች በራሳቸው ስብሰባ ላይ እንደጀመሯቸው፣ አረንጓዴው አናግሩኝ፣ ቢጫው የማውቀው ሰው ብቻ፣ ቀዩ አሁን ማንም አያናግረኝ ማለት እንደሆነ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ መጽሐፉ ላይ ግን ምንም ሳታብራሪ በአንዲት የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ አሳየሽው። እንደዛ መጻፍ ለሁሉም አይሰጥም።

ግን ጀግናሽ ፊት የላትም። የጓደኛዋን ጠቃጠቆ አውቀዋለሁ፣ የልጁን ቅንድብ አውቀዋለሁ፣ አንድ ገጽ ላይ ብቻ የሚመጣውን የትኬት ቆራጩን ጢም እንኳን ጽፈሽዋል። የሷን ዊግና ጫማ ብቻ ነው የማውቀው። መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ስትቆም እሰይ አሁን ልትነግረኝ ነው ስል ዊጓን አስተካክላ ትወጣለች። ያንን የስዕል ደብተር እንደገና የገለጥኩት ነው የመሰለኝ። የልጆች መጻሕፍት ምሁሯ ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 መጽሐፍ ለልጅ መስኮትም መስታወትም ነው ብላ የጻፈችውን ከጠረጴዛሽ በላይ ለጥፈሽ የለ? ታዲያ ልጅቷ መስታወቱ ውስጥ ምን አየች? ጻፊው። እናትየዋ ስልክ እያወራች አንዴ ብቅ ብላ መጥፋቷን ግን እንዳለ ተዪው፣ እሷን ለማሳመር ብለሽ እንዳትነኪያት፣ ይገባኛል።

መጨረሻውን ደሞ አልወደድኩትም። መድረክ ላይ ትወጣለች፣ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ያጨበጭብላታል፣ እሷም ራሷን ትቀበላለች። ባያጨበጭቡላትስ? ከፊት የተቀመጡት ቢስቁስ? ጭብጨባውን አውጪውና ማንም ሳያጨበጭብላት ከመድረክ ወርዳ በማግስቱ ተመልሳ የምትመጣ ልጅ ጻፊልኝ። እኔ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፣ አልሆንኩትም፣ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ ብዬ አምናለሁ።

ሌላ ምን ነበር። ሰይፉን መግቢያው ላይ ይፈትሹታል፣ ፎም መሆኑን ንገሪያቸውና ምልክት ሲያስሩበት አትከራከሪ። እናንተ ስድስት ሁለት አንድ የምትሉትን ጠብቂ፣ ስድስት ሰዓት እንቅልፍ፣ ሁለቴ መብላት፣ አንዴ መታጠብ፣ እኔ ስድስቱን ሰባት ብታደርጊው ደስ ይለኛል። መርፌ ቁልፍ፣ ጥቁርና ወይን ጠጅ ክር፣ ፕላስተር፣ የጎኑ ኪስ ውስጥ ናቸው። አዲሱን ጫማ ተዪው፣ አሮጌውን ሸፍኜልሻለሁ፣ አይታወቅም። ፎቶ ላንሳሽ ብሎ ወገብሽን የሚይዝ ሰው ካለ እጁን አንሺለትና ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ እንዳታፍሪ፣ በ2014 ኮሚክ ኮን የሚባለው የኒው ዮርኩ ኮንቬንሽን ላይ ኮስፕሌይ ፈቃድ መስጠት አይደለም የሚል ትልልቅ ማስታወቂያ ያቆሙት ለዚሁ ነው። የማትችይ ከመሰለሽ ጸጥታ ክፍሉ የት እንደሆነ ገና ስትገቢ ጠይቂ፣ እሱ ለጓደኛሽ ብቻ አይደለም። የሆነ ሰው ፊትሽ ላይ "እሷ ጥቁር አይደለችም" ቢልሽ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብሽም፣ ሂጂ፣ የፓነሉ ውይይት እንዳያመልጥሽ።

እና ቀለሙን እንዳታደርጊው።

ዚፑን ጨርሼ ልብሱን ስከት ጠርሙሱን ሻንጣሽ ውስጥ አየሁት። አነሳሁት፣ ከዛ መልሼ አስቀመጥኩት። ዘጠኝ ዓመት ላይ ሳትጠይቂኝ መረጥኩልሽ፣ 18 ላይ ደሞ ልደግመው አልፈልግም። አጠገቡ ሌላ ጠርሙስ አለ፣ ዛሬ ገዝቼ ነው፣ ትክክለኛው ያንቺ ቀለም ነው፣ መብራት ስር አይቼዋለሁ፣ በእጄ ጀርባ ሳይሆን ባንቺ ፎቶ ነው ያመሳከርኩት። የስዕል ደብተሩንም ከዊጉ ስር አድርጌዋለሁ፣ ይቅርታ ስላቆየሁብሽ።

ዚፑ ወገብሽ ጋ ሲደርስ ይይዛል፣ በግድ አትሳቢው፣ ትንሽ ወደታች መልሰሽ ከዛ ወደላይ፣ ካቃተሽ ጓደኛሽ ጨርቁን በሁለት እጇ ወጥራ ትያዝልሽ። ለብሰሽ ስትጨርሺ ገና አዳራሽ ሳትገቢ ፎቶ ላኪልኝ፣ ከፊት፣ ቀረብ ብለሽ።

እናትሽ