የቴምር ችግኝ ምርመራ በ10 ችግኝ አያልቅም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በአፋር፣ በአሳይታና በአፋምቦ፣ ቴምር በብዛት የሚተከለው ከፍሬው ነው። ከፍሬ ከበቀለው ግን ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናል፤ ሴቷም እናቷን አትመስልም። ስለዚህ በቲሹ ካልቸር (ከእናት ዛፏ በተወሰደ ጥቂት ክፍል፣ በቤተ ሙከራ) የተባዛ ችግኝ መፈለጉ ተገቢ ነው። የሚያሳስበን አብሮት የሚመጣው «የዘረመል ምርመራ አልፏል» የሚለው ወረቀት ነው።

ብዜቱ በካለስ (ገና ቅርጽ ባልያዘ የሕዋስ ክምር) በኩል ሲሆን በ1 ሊትር ሚዲያ (ማሳደጊያ ምግብ) እስከ 100 ሚሊ ግራም 2,4-ዲ የተባለ ሆርሞን ሊጨመር ይችላል። ካለሱ በሆርሞኑ ውስጥ በቆየና ወደ አዲስ ሚዲያ በተዛወረ ቁጥር ከእናቱ የተለየ ችግኝ የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል። በባርሂ ዝርያ የታየው ይኸው ነው፤ የወንዱ ብናኝ ቢነሰነስለትም አበባው ሳይጸነስ ይቀርና ዘር አልባ፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የተጣበቀ ጥቃቅን ፍሬ ይይዛል። ገበሬው ይህን የሚያየው ዓመታት ውሃ ካጠጣ በኋላ ነው።

ለዘረመል ምርመራው ናሙና መወሰድ ያለበት ከለጋው ቅጠል ነው። የጠነከረው ቅጠል ፌኖል የተባለ ውህድ ስለሚበዛበት ናሙናው ይጠቁራል፤ ፒሲአሩም (ዲኤንኤውን የማባዛቱ ሥራ) ይከሽፋል። ዲኤንኤ ማውጫው ሲታብ ላይ ፌኖሉን የሚይዝ ፒቪፒ መጨመር የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። የእናት ዛፏ ዲኤንኤ እዚያው ጄል (የዲኤንኤ ቁርጥራጮች በመጠናቸው የሚለዩበት) ላይ ከሌለ ደግሞ የሚታየው ችግኞቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ብቻ ነው፤ ሁሉም አብረው ተሳስተው ሊሆን ይችላል። ራፒድ የሚባለው፣ ዲኤንኤውን በዘፈቀደ ቦታዎች የሚያባዛው ዘዴ ውጤቱ ስለሚዋዥቅ ቢያንስ ሁለቴ ይደገም።

ጄሉ ንጹህ ቢሆንስ? 10 ፕራይመር (የሚባዛውን ቦታ የሚወስኑ አጫጭር ዲኤንኤዎች) እያንዳንዱ 8 ባንድ (ጄሉ ላይ የሚታይ መስመር) ቢሰጥ፣ ባንዱም 1,000 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ቢሆን፣ የታየው 80 ሺህ ቤዝ ነው። የቴምር ጂኖም (ሙሉው ዲኤንኤ) ግን ከ600 ሚሊዮን ቤዝ ይበልጣል። የሜቲሌሽን (በዲኤንኤው ላይ የሚለጠፍ ኬሚካላዊ ምልክት) ለውጥ ደግሞ የቤዙን ቅደም ተከተል ስለማይነካ በእነዚህ ዘዴዎች ጭራሽ አይታይም። የክሮሞዞም ብዛት መለወጡን (ጤነኛው 36 ነው) ለማወቅም በሕዋስ ውስጥ ያለውን የዲኤንኤ መጠን የሚለካው ፍሎው ሳይቶሜትሪ ያስፈልጋል።

የናሙናው ብዛትም አለ። ከብዙ ሺህ ችግኝ 2 በመቶው የተበላሹ ቢሆኑ፣ 10 ብቻ የመረመረ ሰው አንዱንም ሳያገኝ የመቅረት ዕድሉ 82 በመቶ ገደማ ነው። በ95 በመቶ እርግጠኝነት ቢያንስ አንዱን ለመያዝ 149 መመርመር አለበት፤ ያውም ዘዴው ጥፋቱን የሚያይ ከሆነ።

ስለዚህ ገዢዎች የእናት ዛፏን ማንነት፣ ካለሱ ስንት ጊዜ እንደተዛወረና ስንት ችግኝ እንደተመረመረ በጽሑፍ ይጠይቁ። የክፍያው አንድ ክፍልም የመጀመሪያው ፍሬ እስኪታይ ቢያዝ ጥሩ ነው፤ ችግኙን የሚያምን ሻጭ አይከፋም።

የዕፅዋት ብዜት ባለሙያዎች