ድንኳኑ ተገኝቷል፣ ኳሱ ቀርቷል

ትምህርት ተዘጋ። እዚህ ጎንደር፣ እኛ ሰፈር ልጆቹ ክረምቱን የሚያሳልፉት ወይ ስልክ ላይ ተደፍተው ነው፣ ወይ ወንዝ ዳር። የሚያሳስበን ወንዙ ነው። ቀሃም አንገረብም በበጋ ድንጋይ ረግጠን የምንሻገራቸው ናቸው። በክረምት ግን እኛ ጋ ፀሐይ እያለ ላይ ጋራው ላይ ይዘንብና ደራሽ ይመጣል። ባለፈው ነሐሴ የጎረቤታችን ልጅ ሙላት ሊያይ ወርዶ አንዱን ኮንጎ ጫማ ውሃ ወሰደበት። በአንድ እግሩ ጫማ እያነከሰ መጣ። እናቱ ስቃም አልቅሳም አልወጣላትም። "አንድ ነገር እናድርግ እንጂ" ማለት የጀመርነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ያሰብነው ብዙ አይደለም። ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት 60 ልጆችን ሰብስበን በከተማችን መናፈሻና ሜዳ ላይ እናውላቸዋለን። ለ8 ሳምንት። ጎንደር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠናው ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋቱ ሸጋ ነው። ጭቃ አለ፣ ጭቃ ደግሞ ልጅን ከልክሎ አያውቅም።

ኳስ እንደሚበዛ ግልጽ ነው። አፄዎቹ፣ የከተማችን ክለብ ፋሲል ከነማ፣ በ2013 የሊጉን ዋንጫ ካመጡ ወዲህ እዚህ ሰፈር ተከላካይ ልሁን የሚል ልጅ ጠፍቷል። ኳስ ለማይወዱት ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞና ገበጣ አለ። ለቡሄ ጅራፍ መግመድ የሚያስተምሩ ሁለት አባቶች ቃል ገብተውልናል። ልጆቹ አሁን ጅራፍ ገዝተው ነው የሚያጮሁት፤ አባቶች ይህን ሲሰሙ ያሳዩትን ፊት ባያችሁ።

አንዱን ቀን ፋሲል መዋኛ እንውላለን። ቁጭ ብለው ግንቡን እንደ ጣት ጨብጦ የያዘውን የዛፍ ሥር እንዲስሉት ነው። ሌላውን ቀን ደግሞ ፋሲል ግቢ። እ.ኤ.አ. በ1979 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ቦታ ነው፣ ሰው ባሕር አቋርጦ መጥቶ ያየዋል። ከአጥሩ ሥር ተወልዶ ገብቶ የማያውቅ ልጅ ግን አለን። የአፄ ዳዊትን የዘፈን ቤትና የአንበሶቹን ቤት ይዩ። "አንበሶቹ የት ሄዱ?" ብለው እንደሚጠይቁን ከወዲሁ እየተዘጋጀን ነው።

ዝናብ ቢቀድመን መጠለያ አለን። እድራችን ድንኳኑን አውሶናል። ጉዳዩ በስብሰባ ሲነሳ አንድ ሽማግሌ "ለለቅሶ ብቻ ነው እንዴ የገዛነው?" አሉ፤ በዚያው አለቀ። ለቅሶ ከመጣ ግን ድንኳኑ ያኔውኑ ይመለሳል። ስለዚህ የራሳችን ሸራ ያስፈልገናል።

ወደ ብሩ እንምጣ። ለአንድ ልጅ ዳቦና ሻይ በቀን 25 ብር ብለን ይዘናል። 24 ቀን ነው፤ ለአንድ ልጅ 600 ብር፣ ለ60ዎቹ 36,000 ብር ይመጣል። በባዶ ሆድ የመጣ ልጅ 4 ሰዓት ላይ ሣሩ ላይ ቁጭ ይላል፣ ስሙን ብትጠራውም አይነሳም። ባለፈው ዓመት ለጥቂት ቀን ሞክረነው ያየነው ነው። ያን ጊዜ ርካሽ ኳስ ገዝተን በሦስተኛው ቀን የአጥር ሽቦ ላይ ፈነዳ። ዘንድሮ 4 ደህና ኳስ፣ ሸራ፣ ገመድ፣ ወረቀትና እርሳስ፣ የቁስል መድኃኒትና ፋሻ እንፈልጋለን። የፋሲል ግቢ መግቢያም አለ።

ብር የሌለው ጉልበት ያምጣ። በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለእረፍት ቤት ያላችሁ፣ በሳምንት አንድ ጠዋት ስጡን። የዳቦ ቤት ባለቤቶች፣ በብር ፋንታ ዳቦውን ብትሰጡን ደስ ይለናል። ውጭ አገር ያላችሁ የጎንደር ልጆች፣ እዚህ ባለ ዘመድ በኩል ላኩ። ገንዘቡን የሚይዘው የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነው። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትስጡ፤ እኛም ብንሆን አትመኑን። የገባውና የወጣው በየሳምንቱ ቅዳሜ ድንኳኑ ላይ ይለጠፋል።

መዋጮው እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ይሰበሰባል። ቤት የተቀመጠ ገበጣ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ፤ ጠጠሩን ልጆቹ ይለቅማሉ።