የሒሳብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አምስት ሲባጎ ያመጣው ለውጥ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ርዕስ ላይ ሲሆን እሱም የግራፍ ሁለተኛው ትልቁ አይገንቫልዩ ነው። ግራፍ ነጥቦችና የሚያያይዟቸው መስመሮች ናቸው፤ የትኛው ነጥብ ከየትኛው እንደሚጎራበት የሚያሳየው የቁጥር ሠንጠረዥ ማትሪክስ ይባላል፤ አይገንቫልዩ ደግሞ አንዳንድ የቁጥር ዝርዝሮች በዚህ ማትሪክስ ሲባዙ ስንት እጥፍ እንደሚሆኑ የሚናገር ቁጥር ነው። ርዕሱ በብሔራዊ ፈተና እንደማይመጣ አንሥተው «ምን ያደርጋል?» ያሉን ወላጆችና ባልደረቦች ነበሩ፤ እኔ ግን ተማሪዎቻችን በ11ኛ ክፍል የሚማሩት ማትሪክስ ምን እንደሚሠራ በዓይናቸው ያዩት በዚህ ሥራ ነው እላለሁ።

በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በየሐሙሱ እየተገናኘን ነጥቦችን በመስመር ማያያዝና ጉርብትናቸውን በማትሪክስ መጻፍ ተለማመድን። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ጎረቤት ካለው ትልቁ አይገንቫልዩ ምንጊዜም 3 ስለሆነ ስለ አተሳሰሩ የሚነግረን የለም። ሁለተኛውም 3 ከሆነ ግን ግራፉ ተቆራርጧል ማለት ነው፤ ከ3 በራቀ መጠን ደግሞ ትስስሩ ይጠነክራል።

ይህን በተግባር ለማየት በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ሜዳው ላይ ወጣን። አምስት ተማሪዎች በውጭ፣ አምስት በውስጥ ክብ ሠርተው ቆሙና እያንዳንዱ ከግራና ከቀኙ እንዲሁም ከፊት ለፊቱ ካለው ጓደኛው ጋር በሲባጎ ተያያዘ፤ ሲባጎው በጠቅላላ 15 ነበር። በውጭ ለቆመ አንድ ተማሪ 640 ፍሬ ሽምብራ ሰጠነው። ደንቡ በየዙሩ የያዙትን አራት ቦታ ከፍሎ ሩቡን ማስቀረት፣ ለሦስቱ ጎረቤቶችም ሩብ ሩብ ማደል ነው፤ ትስስሩ ከጠነከረ ሽምብራው ቶሎ ለሁሉም ይዳረሳል። ከሁለት ዙር በኋላ በውስጠኛው ክብ የሁለት ተማሪዎች እጅ ባዶ ነበር።

ከሁለቱ አንዷ፣ በክፍል ድምጿ እምብዛም የማይሰማ ልጅ፣ ባዶ መዳፏን አይታ «ቲቸር፣ እኛ የውስጦቹ አጠገባችን ያሉትን ለቀን ማዶ ያሉትን ብንይዝስ?» አለች። አምስቱን የውስጥ ሲባጎዎች ፈትተን ስናስራቸው ኮከብ ወጣ። ሽምብራውን ሰብስበን እንደገና ጀመርን፤ ሁለት ዙር እንዳለፈ 40 ፍሬ በእጇ ገባ፤ ከዚያ ያነሰ የደረሰው ተማሪም አልነበረም። ልጅቷ ሳታውቀው የሠራችው የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ ዩልዩስ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1898 ያቀረበውንና ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ግራፍ ነው። ተማሪዎቹም ሲባጎዎቹም አልጨመሩም፤ ሁለተኛው አይገንቫልዩ ግን ከ1.618 ወደ 1 ወርዷል። እሷ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ስትቆጥር ያየሁትን ፊት በማስተማር ዘመኔ አልረሳውም።

ያልተሳካልንም አለ። 10 በ10 የሆነውን ማትሪክስ በእጅ ለመፍታት ሁለት ሳምንት ደክመን አልሆነልንም፤ በመጨረሻ እኔ የሰጠኋቸውን አይገንቫልዩዎች እያባዙ ከማረጋገጥ አላለፉም። ኮምፒውተር ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ባይከርም ኖሮ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነበር። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ክፍላችን ለማጠናከሪያ ትምህርት ስለተወሰደም አራት ስብሰባ ታጥፎብናል።

ለከርሞ የያዝነው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፦ ጎረቤቶቹ ሦስት ሆነው ነጥቦቹ እጅግ ሲበዙ ሁለተኛውን አይገንቫልዩ ከ2.83 ገደማ በታች አርቆ ማቆየት አይቻልም፤ ተማሪዎቹም ይህን ራሳቸው ማየት ይፈልጋሉ። ያቺው ልጅ የ20 ነጥብ ንድፍ በደብተሯ ጀምራለች። ስለዚህ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎቻችን ያገለገለም ቢሆን አንድ ኮምፒውተር እንዲለግሱን፣ አስተዳደሩም ቅዳሜ ጠዋት የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ እንዲፈቅድልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።